መብራት ሲሄድ የማይቆም ውሃ

ስልኬ ሲጮህ ጨለለቅቱ ከተማ ነበርኩ፤ በማግስቱ ማለዳ ክርስትና የማነሣት ሕፃን እናት ቤት፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ሽንኩርት እከትፋለሁ። የደወለችው ዲላ የምንኖርበት ግቢ በር ላይ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ናት። ይህች ሴት የእኔን፣ የባለቤቴን፣ የሥራውን፣ የአየሩን ደኅንነት በተራ ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይዋ ገብታ አታውቅም። ያን ቀን ግን ሰላምታም አልነበራት።

«አንቺ፣ መብራት ሄደ» አለችኝ።

«መቼ?»

«አሁን። ማዶ ያለው ትራንስፎርመር ጧ አለና ጭስ አወጣ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ አንጋጦ ያየዋል። ዛሬ አይሠራም ነው የሚሉት፤ ነገንም እንጃ።»

«ዓሦቹስ?»

«ታዲያ ለምን የደወልኩ መሰለሽ? ለኔ አምፖል እንድታለቅሽልኝ?»

በእጄ የነበረውን ቢላዋ አስቀመጥኩ። ዓይኔ ያነባ ነበር። ሴቶቹ ክፉ ወሬ የሰማሁ መሰላቸው። ሽንኩርቱ ነው አልኳቸው፤ ግማሹ እውነት ነበር።

«ያሳየኋችሁን አድርጉ» አልኳት።

«ጆጉን?»

«ጆጉን። በየተራችሁ። ደግሞ ውሃው እንዳይቀዘቅዝ...»

«እናውቃለን፣ ጋቢ እናለብሰዋለን። ስሚ፣ ስልኬ ቻርጅ የለውም፤ የምሰካበትም የለኝ። ከዘጋሁ በኋላ እስክትመጪ ወሬ አትጠብቂ። አላህ ያውቃል።»

ዘጋችው።

ሰው እንደሚስቅብኝ ስለማውቅ ነገሩን ከነምክንያቱ ልናገር። ሳሎኔ ጥግ ላይ አንድ የመስታወት ገንዳ አለ፤ ውስጡ የባሕር ውሃ፣ በውሃው ውስጥ ሁለት ዓሦች። ብርቱካን መልክ ያላቸው፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ፣ ርዝመታቸው ከአውራ ጣቴ ብዙም የማይበልጥ። የባሕር ዓሣ እንደ ሐይቅ ዓሣ ቻይ አይደለም። ውሃው መንቀሳቀስ አለበት፤ ከዓሣው የሚወጣው ቆሻሻም ሳያቋርጥ መጣራት አለበት፤ አለዚያ ራሱ በጣለው ነገር ይመረዛል። ይህን ሥራ የሚሠራው በመብራት የሚሄድ ፓምፕ ነው። መብራት ሲሄድ ፓምፑ ይቆማል። ፓምፑ ሲቆም የዓሦቹ ትንፋሽ ማጠር ይጀምራል።

ከእነዚህ በፊት የነበሩኝ ሁለት ዓሦች እንዲሁ መብራት በሄደ ሰሞን ሞተውብኛል። እነዚህ ደግሞ ከሞቱ ሦስተኛ እንደማልሞክር ለባለቤቴ ነግሬዋለሁ፤ በጸሎቴም ተናግሬዋለሁ፤ በጸሎት የተናገርኩትን ደግሞ አላጥፍም። ስለዚህ ያ ስልክ ሲዘጋ ያስጨነቀኝ የዓሦቹ ነፍስ ብቻ አልነበረም። አዲሱን ማጣሪያ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሻጩ ሌላ ሲለኝ፣ ባለቤቴ ሲስቅብኝ፣ እንቢ ብዬ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ልክ ነበርኩ ወይስ አልነበርኩም? መልሱ ዲላ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጨለለቅቱ።

ተነሥቼ መሄድ እችል ነበር፤ ወደ ዲላ የሚሄድ ሚኒባስ ገና አልተቋረጠም። ግን ክርስትና የሚነሣው በማለዳ ነው፤ ከሄድኩ አልደርስም። ሕፃኗን ከካህኑ እጅ የሚቀበል ሌላ ሰው አልተዘጋጀም። ጾሜ፣ ለንስሐ አባቴ ነግሬ፣ ነጭ ልብሴን አጥቤ የመጣሁት እኔ ነኝ። እግዚአብሔር የሰው ነፍስ በአደራ ሊሰጠኝ ቀጥሮኝ ሳለ ለዓሣ ብዬ ብቀር ምን ብዬ እመልሳለሁ? ቢላዋዬን አነሣሁና ሽንኩርቴን ቀጠልኩ።

የተወለድኩት አሰብ ነው። ባሕሩን ከደጃችን አየው ነበር ብል ውሸት ይሆናል፤ ከደጃችን የሚታየው የጎረቤት ግንብ ነው። ባሕሩ ግን ይሸታል፤ ልብስ ላይ ይደርቃል፤ ከንፈር ላይ ይቀመጣል። ልጅ ሆኜ ከቤተሰቤ ጋር ወጣን፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ከተማ ኖሬአለሁ፤ በመጨረሻ በጋብቻ ዲላ ገባሁ። ባለቤቴ እሸት ቡና የሚረከብ ሰው ነው፤ በቡና ወቅት ከአንዱ ማጠቢያ ወደ ሌላው ሲዞር ይከርማል። ዲላ ደግ አገር ናት። ዝናቡ አይጠፋ፣ እንሰቱ፣ ከዛፍ ሥር የበቀለው ቡና፣ ኮረብታው ሁሉ አረንጓዴ ነው። አንዳንድ ቀን ግን መስኮት ላይ ቆሜ ያን ሁሉ አረንጓዴ እያየሁ ሰማያዊ ይናፍቀኛል። ይህን ለሰው አልናገርም፤ ምስጋና ቢስ ያስመስላል። ለባለቤቴ አንድ ጊዜ ቢያመልጠኝ ከአዲስ አበባ የመስታወት ገንዳ አሸክሞ መጣ።

«ባሕር አምጣልኝ አልሽ፤ ይኸው» አለ።

«መቼ አልኩህ?»

«ብለሻል። ዓሣ ግን ይጠበሳል እንጂ ቁጭ ተብሎ ይታያል ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እስኪ እናያለን።»

ከገንዳው ጋር ሻጩ ያስያዘው ማጣሪያ ጥቁር፣ ባልዲ የሚያህል፣ ክዳኑ ግጥም ብሎ የሚዘጋ ዕቃ ነበር። ከገንዳው ሥር ይቀመጣል፤ ውሃውን በቱቦ ይስባል፣ በሆዱ ባሉት ስፖንጆችና ጠጠሮች መሐል ያሳልፋል፣ መልሶ ወደ ላይ ይገፋል። ድምፅ የለው፣ ጠብታ የለው። ንጹሕ ነገር ስለምወድ ወደድኩት። ከዚያ አንድ ቀን መብራት ከጠዋት ሄዶ ዋለ። ዓሦቹ ቀኑን እንደምንም ቻሉት። አመሻሹ ላይ መብራቱ ሲመጣ ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ፓምፑ ተነሣና የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጥቁር ውሃ ገንዳው ውስጥ ተፋ። በማግስቱ ሁለቱም በጎናቸው ተንሳፈፉ። ባለቤቴ በእንሰቱ ሥር ጉድጓድ ቆፈረልኝ፤ ቀበርናቸው።

ለሻጩ ደወልኩ። ደግ ሰው ነው፤ አላድበሰበሰብኝም። ውሃውን የሚያጣራው ስፖንጁ ራሱ አይደለም አለኝ። በስፖንጁና በጠጠሩ ላይ ዓይን የማያያቸው ሕያዋን አሉ፤ ቆሻሻውን የሚበሉት እነሱ ናቸው። እነሱም እንደማንኛውም ነፍስ ያለው ፍጥረት አየር ይፈልጋሉ። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ውሃው ሲቆም ታፍነው ይሞታሉ፣ ይበሰብሳሉ። መብራት ሲመጣ ፓምፑ ያን ብስባሽ ወደ ዓሦቹ ይልከዋል።

«ስለዚህ ዓሦቼን የገደላቸው መብራቱ መሄዱ ሳይሆን መምጣቱ ነው?» አልኩት።

«እንደሱ ማለት ይቻላል እህቴ።»

ይህ ነገር ከልቤ አልወጣ አለ። መብራት እንዲመጣ ስጸልይ የዋልኩት እኔ ነበርኩ።

ሻጩ ሦስት መንገድ አቀረበልኝ። የመጀመሪያው ያንኑ የተዘጋ ዕቃ ይዞ ትልቅ ባትሪ መጨመር ነው። ሌላው አረፋ የሚሠራ ረጅም ቱቦ ነው፤ አየር ከውሃው ጋር ይደባለቃል፣ አረፋ ይሆናል፣ አረፋው ቆሻሻውን ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣና ኩባያ ውስጥ ይቀራል። ሥጋ ሲቀቀል ላዩ ላይ የሚሰበሰበውን አረፋ በጭልፋ እንደምንገፍፍ ማለት ነው፤ ይህ ቶሎ ገባኝ። የመጨረሻው ከገንዳው በላይ የሚቀመጥ ክፍት ሣጥን ነው። ፓምፑ ውሃውን ወደ ሣጥኑ ያወጣዋል፤ ከዚያ ውሃው በጠጠሩ መሐል እየተንጠባጠበ በራሱ ወደ ገንዳው ይወርዳል።

«ይሄኛውን ያነሣሁልሽ እንዲያው ነው» አለኝ። «የድሮ ነው። ጠብ ጠብ እያለ ይረብሻል፣ ቦታ ይይዛል፣ መልክም የለው። ማንም አይገዛውም። የተዘጋውን ከነባትሪው ውሰጂ።»

ባለቤቴም ለባትሪው ወገነ። ባትሪ ግን የሚሠራው እስኪያልቅ ነው፤ መብራቱ ደግሞ መቼ እንደሚመጣ ለእኛ ሰፈር ማንም አይነግርም። አረፋውም ያለ ፓምፕ አረፋ አይሆንም። እያሰብኩ ሰነበትኩ። እኔ ነገር ቶሎ አልቆርጥም፤ አንድ ነጠላ ለመግዛት ገበያውን ዞሬ፣ ቤቴ ተመልሼ፣ አድሬ የምወስን ሴት ነኝ።

ያስወሰነኝ ባንኮ ጎቲቲ ያለው የቡና ማጠቢያ ነው። የቡና ወቅት ነበር፤ ለባለቤቴ ምሳ ይዤ ሄጄ ከማጠቢያው ዳር ቆሜአለሁ። ቀዩ እሸት መፈልፈያው ውስጥ ይገባል፤ ልጣጩ ወዲያ፣ ፍሬው ወዲህ ይወጣል። ጄኔሬተሩ ከመጮኹ የተነሣ ሰው ለመነጋገር አፉን ከጆሮ ላይ ይለጥፋል። በመሐሉ ጄኔሬተሩ ሳል ሳል አለና ጠፋ። መፈልፈያው ቆመ። ሠራተኞቹ «ኧረ በቃው!» ብለው ሳቁበት። ያን ጊዜ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ቀድሞ ያልሰማሁትን ድምፅ ሰማሁ። ውሃ ይፈሳል። ከላይ ካለው ጅረት የተጠለፈው ውሃ በረጅሙ የሲሚንቶ ቦይ ቡናውን እያጠበ ቁልቁል ይወርዳል። ሰዎቹም በእንጨት መግፊያቸው ቡናውን መግፋታቸውን አላቆሙም። ማሽኑ ሲሞት ቦዩ አልሞተም።

«ይህን ውሃ ማነው የሚገፋው?» ብዬ ባለቤቴን ጠየቅሁት፤ መልሱን እያወቅሁ።

«ማንም። ቁልቁለቱ ነዋ።»

«በል እንግዲህ ባትሪህን ተወው። ሣጥኑን ነው የምንገዛው።»

«የምን ሣጥን? ኧረ አንቺ ሴት፣ ምሳዬን ስጪኝ!»

የታየኝ ይህ ነው። ሣጥኑ ከላይ ስለሆነ ውሃውን ለማውረድ መብራት አይፈልግም፤ መብራት የሚፈልገው ለማውጣት ብቻ ነው። ማውጣት ደግሞ ጆግ የያዘ ማንም ሰው ይችላል። ሣጥኑ ክፍት በመሆኑ እነዚያ የማይታዩ ሕያዋን አየር አያጡም፤ ጠጠሩ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ይኖራሉ። ውሃውም ሲንጠባጠብ አየር ይዞ ይወርዳል። ሻጩ እንከን ብሎ የቆጠረብኝ ሁሉ፣ ክፍት መሆኑም፣ ጠብ ጠብ ማለቱም፣ ለእኛ ሰፈር በረከት ነው።

ሣጥኑ መጣ። ከእሱ ጋር ቀዳዳ የበዛበት የባሕር ድንጋይና የውሃው ጨው በከረጢት መጣ። ጨውን ከባጃጅ ሳወርድ ባለሱቋ በሩ ላይ ያዘችኝ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ጨው።»

«ጨው! ከአዲስ አበባ! የኔ ጨው ምን ሆነብሽ?»

«ያንቺ የወጥ ነው። ይሄ ባሕር ውስጥ ያለው ሌላ ሌላው ነገር ሁሉ አለበት።»

«ሰው የሚበላውን ዓሣ ናቀው በይኛ!»

ከዚያ ወዲህ ጨው ልገዛ በሄድኩ ቁጥር «ለሰው ነው ወይስ ለጌቶች?» ትለኛለች።

ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ማጽዳት መተው ነበር። በበዓል ዋዜማ በቤቴ የማይታጠብ ነገር የለም። ጠጠሩ ላይ ቡናማ፣ ዝልግልግ ነገር መያዝ ሲጀምር እጄ ወደ በረኪና ይሄዳል። ሻጩ ግን «ያ ዝልግልግ ነው ማጣሪያው፤ አጠብሽው ማለት ገደልሽው ማለት ነው» ብሎኛል። ስለዚህ ፋሲካ ሲመጣ መጋረጃው ወርዶ፣ ምንጣፉ ተራግፎ፣ ግድግዳው ታሽቶ፣ ያ ሣጥን እንደነበረ ይቀመጣል። እንግዳ ሲያየው አፍራለሁ። ስፖንጁን ብቻ፣ እሱንም ከገንዳው በተቀዳ ውሃ፣ ለቅለቅ አደርገዋለሁ። ዓሦቹን ያስገባሁት ጠጠሩ እንዲህ እስኪቆሽሽ ድረስ ታግሼ ነው፤ በላስቲክ ውስጥ ተንሳፍፈው፣ በመኪና ተንገላተው መጡ፤ ሳለቅቃቸው ወደ ጠብታው ሥር ሄደው ቆሙ። ቦታቸው አደረጉት።

አሁን ስለ ግቢያችን ልናገር። ከባለሱቋ ቀጥሎ ያለው ቤት ጡረታ የወጡ መምህር ይኖሩበታል፤ በወጣትነታቸው ከሸዋ ለማስተማር መጥተው የቀሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። ከእኛ ጎን ልብስ ሰፊዋ አለች፤ የጌዴኦ ልጅ፣ ጴንጤ፣ የስፌት መኪናዋና መዝሙሯ አብረው የሚነሡ አብረው የሚያርፉ። ለአራታችን ቤት ቧንቧው አንድ ነው፤ ውሃውም የሚመጣው በፈረቃ ነው። ስለዚህ በግቢያችን ማንም ያልደነገገው፣ ማንም የማይጥሰው ሕግ አለ። ውሃ ሲመጣ ቤት የተገኘ ሰው የሁሉንም ዕቃ ይሞላል፤ በበር ተራ፣ ከባለሱቋ ጀምሮ እኛ ጋ እስኪደርስ። ያልሞላ ዕቃ አይቶ ማለፍ ነውር ነው።

ዓሦቹ በገቡ ሰሞን ሦስቱንም ጠርቼ ጆጉን አሳየኋቸው። ከገንዳው ጥግ ትቀዳላችሁ፤ ሣጥኑ ላይ ቀስ እያላችሁ ታፈሳላችሁ፤ ትንሽ ታርፉና እንደገና። ሌላ ነገር የለውም። በመስታወቱም ላይ ውሃው ሊደርስ የሚገባውን በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌ ነበር፤ ከገንዳው አፍ ዝቅ ብሎ።

«ይህ ሁሉ ለሁለት ዓሣ?» አሉ ጋሼ። «ለመሆኑ በጾም ዓሣ ማየት ይፈቀዳል?»

«ማየት ይፈቀዳል፤ መጎምጀት ነው የማይፈቀደው ጋሼ።»

«እንግዲያ እኔን አታስገቢኝ።»

ልብስ ሰፊዋ አፍንጫዋን ከመስታወቱ ላይ ለጥፋ «ትልቁ ሚስቱ ናት?» አለች። አማርኛዋ ወንዱንና ሴቱን እንደልቡ ነው የሚያደርገው፤ ሳቅንባት። ከዚያ ሻጩ የነገረኝን ነገርኳቸው፤ የዚህ ዓሣ ዘር ወንዱ ኋላ ሴት ሊሆን ይችላል፤ ትልቋም እውነትም ሚስቱ ናት። «አያችሁ!» አለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «እኔ አልተሳሳትኩም። እናንተ ናችሁ የምትቸኩሉት።»

እንግዲህ ዓሦቼ በእነዚህ ሦስት ሰዎች እጅ ነበሩ።

ጨለለቅቱ እንዴት እንዳደርኩ አላወራም። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሕፃኗ ውሃው ሲነካት ያን ያህል ድምፅ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ቤተ ክርስቲያኑን አናጋችው። ካህኑ ከውሃው አውጥተው እጄ ላይ ሲያስቀምጧት እርጥብ፣ ሙቅ፣ የተቆጣች ነበረች። በዚያች ደቂቃ ሌላ ምንም አላሰብኩም፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው። በነጩ ጨርቅ ስጠቀልላት ግን «ጋቢውን አልብሰዋቸው ይሆን?» የሚል ሐሳብ ሽው አለብኝ። እመብርሃን ይቅር ትበለኝ።

ከዚያ ድግሱ ነበረ። የክርስትና እናት ሳትበላ፣ ሳትጎርስ፣ ሳትመርቅ አትሄድም። ባለሱቋ ጋ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። የልብስ ሰፊዋም ዝግ ነው። ጋሼ ስልካቸውን ከትራስ ሥር አውጥተው አያውቁም። በመጨረሻ ሚኒባስ ላይ ስወጣ ጭኔ ላይ በላስቲክ የታሰረ ዳቦ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ይዤው የሄድኩት እንደ ሕፃን ነው። መንገድ ላይ ያለችው ጪጩ ስንደርስ ገበያ ነበር፤ ሞተሩ፣ አህያው፣ ቡና የተሸከመው ሰው መንገዱን ሞልቶታል። ሾፌሩ ጡሩንባ ሲነፋ እኔ በልቤ «እለፉ፣ እባካችሁ እለፉ» እላለሁ።

ሰፈራችን ስደርስ ከትራንስፎርመሩ ሥር መሰላል ቆሟል። መብራት አልመጣም። ባለሱቋ ሱቋን ዘግታለች። ያቺ ሴት በዒድ ቀን ካልሆነ ሱቅ አትዘጋም። ግቢ ገባሁ። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋ ላይ የለችም። ጋሼ ከደጃቸው ወንበር ላይ የሉም። የእኔ በር ክፍት ነው። ዳቦውን ይዤ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ።

ሁሉም ሳሎኔ ውስጥ ናቸው። ገንዳው የጋሼን ጋቢ ተከናንቦ፣ ፊቱ ብቻ ተገልጦ፣ ብርድ እንደያዛቸው ሽማግሌ ተቀምጧል። ባለሱቋ በርጩማ ላይ ቆማ ከጆጉ ሣጥኑ ላይ ታፈሳለች። ውሃው በጠጠሩ መሐል ጠብ ጠብ ይላል። ከጠብታው ሥር፣ በተለመደው ቦታቸው፣ ሁለቱ ብርቱካኖቼ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ቆመዋል።

«አሉ!» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«እነሱማ አሉ» አለች ባለሱቋ ከበርጩማው ሳትወርድ። «የሌለው የኔ ክንድ ነው።»

እልልታዬን ለቀቅሁት። ልብስ ሰፊዋ ተቀበለችኝ። ማዶ ያለው ሰፈር መብራት የመጣ መስሎት አብሮን እልል አለ፤ ከመሰላሉ ላይ ያለው ሠራተኛ «ገና ነው! ገና ነው!» እያለ ሲጮህ ተሰማ።

በበር ተራ ነው የሠሩት፤ እንደ ውሃው። ባለሱቋ ጀመረች፣ ጋሼ ተቀበሏት፣ ልብስ ሰፊዋ ቀጠለች፣ እንደገና ባለሱቋ። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ሌሊቱን ያደረጉት ነው። ማን ነቅቶ ይጠብቅ የሚል ክርክር አላስፈለጋቸውም። ልብስ ሰፊዋ አምሽታ ትጸልያለች፤ ስትጨርስ መጥታ አፈሰሰች። ጋሼ ለሌሊት ጸሎት ይነሣሉ፤ ዳዊታቸውን ሳይከፍቱ መጥተው አፈሰሱ። ባለሱቋ ለሱብሒ ትነሣለች፤ ሰግዳ መጥታ አፈሰሰች። የሦስቱ የጸሎት ሰዓት ተቀጣጥሎ ሌሊቱን አሻገረልኝ። ማጣሪያ ስመርጥ ይህን አላሰብኩም ነበር። ያሰብኩት ስለ ቁልቁለቱ ብቻ ነው።

መብራቱ የመጣው ወደ ማታ ነው፤ ባለቤቴ ከባንኮ ጎቲቲ ገና መግባቱ ነበር። አምፖሉ ሲበራ ማንም እልል አላለም። ባለፈው ጊዜ የገደለን ይህ ሰዓት ነው፤ ሁሉም ያውቃሉ። ፓምፑ ጉርጉር አለ። ውሃው ወደ ሣጥኑ ወጣ። በጠጠሩ ውስጥ ገባ። ጠብ አለ። ወረደ። የወረደው ውሃ ጥርት ያለ ነበር። አፍንጫዬን አስጠጋሁ፤ የበሰበሰ እንቁላል የለም። የሸተተኝ ባሕር ነው። በልጅነቴ ልብስ ላይ የሚደርቀው፣ ከንፈር ላይ የሚቀመጠው ያ ሽታ ነው።

«ባትሪውን ብንገዛ ኖሮ...» ብሎ ባለቤቴ ጀመረ።

«ብንገዛ ኖሮ ትናንት ሳይመሽ ያልቅ ነበር» አልኩት።

«እሺ ረታሽ። ያንቺ የድሮ ሣጥን ረታ። አሁንስ ራት ይሰጣል?»

ለሻጩም ሳይቀር ደወልኩለት። እስክጨርስ ሰማኝና «ለደንበኞቼ ልንገር?» አለ። «ንገር» አልኩት፤ «ግን ከሣጥኑ ጋር ጎረቤት አብሮ እንደማይሸጥ አስጠንቅቃቸው።»

በማግስቱ የጋሼን ጋቢ ላጥብ ከገንዳው ላይ ሳነሣው ግን አንድ ነገር አየሁ። ውሃው ከቀዩ ምልክቴ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሏል። ከገንዳው ቀድተው እዚያው ገንዳ ውስጥ ካፈሰሱ ሊጨምር አይችልም። ጨው የምለካበትን ተንሳፋፊ ብርጭቆ ጣልኩበት፤ ጨው ቀንሷል። ከገንዳው ጀርባ ደግሞ የመልአክ ሥዕል የተለጠፈበት ባዶ ሃይላንድ ወድቋል። የጸበል ነው። ወደ ጋሼ ይዤው ሄድኩ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ ያለ ምንም ማመንታት። «ንጋት ላይ ትንሹን ፍዝዝ ብሎ አየሁት። ጸበል ለሰው ብቻ ነው ያለው ማነው?»

«ማንም አላለም ጋሼ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

አንድ ሃይላንድ ግን ያን ሰፊ ገንዳ ሁለት ጣት አያነሣውም። ልብስ ሰፊዋን ጠየቅኋት። «እኛ እንጸልያለን እንጂ አናፈስም» አለች። «እጄን መስታወቱ ላይ ጫንኩ፤ እጅ ደግሞ ውሃ የለውም።» ባለሱቋን ጠየቅኋት። «ወላሂ የመካውን ዘምዘም ከሆነ የምትጠይቂኝ አልነካሁም፤ ያለችኝ ትንሽ ናት፣ ጨዬን ለናቀ ዓሣ አልሰጥም» አለችና ፊቷን አዙራ ሳቀች። እኔ ክርስትናው ላይ በነበርኩበት ጠዋት በቧንቧው ውሃ መጥቶ ነበር። የሁላችንም ጄሪካን ጢም ብሎ ነው ያገኘሁት። ገንዳዬ ደግሞ አፉ ድረስ ሞልቶ አያውቅም፤ የግቢያችንን ሕግ ለሚያውቅ ሰው ያልሞላ ዕቃ ነው።

እንግዲህ ያን ቀንና ያን ሌሊት እዚያ የነበራችሁ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ዓሦቹ ደኅና ናቸው፤ ከጠብታው ሥር ቆመው እያዩኝ ነው። ቂም የለኝም፤ ውለታችሁን እንኳ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ግን የቀነሰውን ጨው እንድመልስ የተጨመረውን ማወቅ አለብኝ። የቧንቧ ነው የዝናብ? ጆግ ነው ጄሪካን? ወይስ ከዚያች ከትንሿ ዘምዘምም ገብቶበታል? ንገሩኝ። በአፋችሁ ለመናገር ካፈራችሁ፣ ያፈሰሳችሁበትን ዕቃ ብቻ ደጃፌ ላይ አስቀምጡልኝ። ውሃ ሲመጣ በተራው ሞልቼ እመልሰዋለሁ።